በማርቆስ ወይስ በሞጣ? ልጅና አማት ይዞ ጎጃምን ማቋረጥ

ጎጃም ዘመድ ያለው የአዲስ አበባ ሰው ይህችን ክርክር ያውቃታል። ደጀን ላይ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። ግራው በሉማሜ አድርጎ ደብረ ማርቆስ ይገባል። ከዚያ በደምበጫ፣ በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬ፣ በእንጅባራ፣ በዳንግላና በመራዊ ዞሮ ባሕር ዳር ያደርሳል። ቀኙ በብቸና፣ በደብረ ወርቅ፣ በሞጣና በአዴት አቋርጦ እዚያው ይወጣል። የማርቆሱ ከአዲስ አበባ 560 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የሞጣው ከ500 ያንሳል። ካርታ ያየ ሁሉ "ታዲያ ምን ያከራክራል? በሞጣ ነዋ!" ይላል።

እኔም ብቻዬን ስነዳ ብዙ ጊዜ በሞጣ ነው የምሄደው። ባለቤቴን፣ ሁለቱን ልጆቻችንንና አማቴን ስጭን ግን መሄጃው ያለ ክርክር በማርቆስ ነው። "ያለ ክርክር" ስል እኔ አልከራከርም ማለቴ ነው። አማቴ የብቸና ሰው ናቸው፤ እሳቸው ሁሌም ይከራከራሉ።

ወደዚያ ከመግባቴ በፊት ግን አንድ ነገር ይቅደም። የትኛው ያጥራል ከማለት በፊት የትኛው ክፍት ነው ማለት ያስፈልጋል። ባለፉት ዓመታት በክልሉ በነበረው ግጭት መንገዶቹ በድንገት ሲዘጉና ሲከፈቱ ኖረዋል። ትናንት ያለፈ መኪና ዛሬ ላያልፍ ይችላል። ታዲያ ማንን ይጠይቁ? ዘመድ መጠየቅ ደግ ነው። ዘመድ ግን ናፍቆት አለበት። "መንገዱ እንዴት ነው?" ሲሉት "ሰላም ነው፣ ኑ ብቻ" ይላል። እኔ የማምነው ሹፌሮችን ነው። በመስመሩ የሚመላለስ የአውቶቡስ ወይም የጭነት መኪና ሹፌር ስልክ ካለዎት ከዘመድ ስልክ ይበልጣል። ከሌለዎት ከጉዞው በፊት ባለው ቀን መናኸሪያ ሄደው ገና የገቡትን ይጠይቁ። መጠየቅ ያለበት ደግሞ "ሰላም ነው ወይ?" ተብሎ አይደለም። "ዛሬ በስንት ሰዓት ተነስተህ በስንት ሰዓት ገባህ? የት የት ቆምክ?" ብለው ይጠይቁ። ከሰዓቱ ብዙ ነገር ይገባዎታል። ሹፌሩ "ይቅርብህ" ካለ ይቅር። ልጅ ይዞ ድፍረት የለም።

መንገዱ ክፍት ነው እንበል። አሁን ምርጫው ይጀምራል።

ሁለቱ መንገዶች ለምን እንደተለያዩ ለመረዳት ጮቄን ማሰብ ነው። ጮቄ ተራራ ከ4000 ሜትር በላይ ከፍታ ይዞ የምሥራቅ ጎጃም መሃል ላይ ተቀምጧል። አንዱ መንገድ በደቡብና በምዕራብ ይዞረዋል፤ ሌላው በምሥራቅ። ከጮቄ የሚወርዱት ወንዞች በምሥራቅ በኩል ወደ አባይ ገደል የሚሄዱት በአጭር ርቀት ነው። ስለዚህ መሬቱን በጥልቀት ይቆርጡታል። ሙጋንና ሱሃን ያየ ሰው ያውቀዋል። በሞጣ ሲሄዱ አባይን ወርደው ከወጡ በኋላም ቁልቁለትና ዳገት አይለቅዎትም። በማርቆስ በኩል ደግሞ አባይን አንዴ ከተሻገሩ መንገዱ በአመዛኙ ደጋውን ይዞ ነው የሚጓዘው። ወንዝ አለ፤ እንደ አባይ በረሃ ያለ ቁልቁለት ግን የለም። የሞጣው በኪሎ ሜትር ያነሰው ነገር በሰዓት ያን ያህል የማይቀንሰው አንዱ በዚህ ምክንያት ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ከተሞቹ ናቸው። በማርቆስ መስመር ከተማ ከከተማ አይራራቅም። ሉማሜ፣ ደብረ ማርቆስ፣ አማኑኤል፣ ደምበጫ፣ ጂጋ፣ ፍኖተ ሰላም፣ ቡሬ፣ ትልሊ፣ እንጅባራ፣ ዳንግላ፣ ዱርቤቴ፣ ወተት አባይ፣ መራዊ... ልጅ "አባዬ ሽንቴ መጣ" ሲል ወይም አማት ወገባቸውን ሲይዙ፣ ቢበዛ ግማሽ ሰዓት ታግሶ የሚቆምበት አለ። ጎሚስታ አለ፣ መካኒክ አለ፣ ማደያ አለ፣ ሆስፒታል አለ። በሞጣ በኩልም ብቸናና ሞጣ ደህና ከተሞች ናቸው። በመሃል ግን ይሳሳል። ቤተሰብ ጭኖ የሚነዳ ሰውን የሚያደክመው ርቀቱ አይደለም። በሁለት ማረፊያ መካከል ያለው ጊዜ ነው። ጉዞውን በኪሎ ሜትር ሳይሆን በማረፊያ መቁጠር ከጀመርኩ ወዲህ ቤታችን ውስጥ በመንገድ ምክንያት መኳረፍ ቀርቷል።

ሦስተኛው ምክንያት ካርታ ላይ የለም። ዘመድ ነው።

ብቸና የአማቴ የእህት ልጅ አለች። ደብረ ወርቅ አበልጅ አለ። ሞጣ ደግሞ የሟች ባለቤታቸው ወገኖች አሉ። "ደጃቸውን አልፈን ብንሄድ ምን ይሉናል?" ይላሉ አማቴ። እውነታቸውን ነው፤ ይቀየማሉ። ቢገቡ ደግሞ እግር ታጥቦ፣ እንጀራ ቀርቦ፣ ቡና ተቆልቶ ነው። አቦሉን ጠጥቶ መነሳት ነውር ነው። ቶናው ይከተላል። በረካውን ሳይጠጡ መውጣት ደግሞ ምርቃት ጥሎ መሄድ ነው። አንድ ቤት ሁለት ሰዓት በሉት። ሦስት ቤት ከሆነ ቀኑ አለቀ። በማርቆስ በኩል ደግሞ ደምበጫ የእኔ አጎት አሉ፤ እሳቸው ግን ብቻቸውን ናቸው፣ ለአንድ ቤት መላ አይጠፋም።

እኛ የደረስንበት መላ ይህ ነው። ስንሄድ ለማንም አንናገርም፤ ስንመለስ እንገባለን። ስንመለስ በሞጣ መጥተን ብቸና እናድራለን። አማቴም ይደሰታሉ፤ ማለፉም "ሲመለሱ ሊገቡ ነው" ተብሎ ይቅር ይባላል። ዘመድን የጉዞው መጨረሻ ላይ ማድረግ ሌላም ጥቅም አለው። ሲሄዱ የገቡበት ቤት ሁሉ "አድራችሁ ሂዱ" ይላል። ሲመለሱ ግን "ሰኞ ትምህርት ቤት አለ" የሚል ጠንካራ ምክንያት አለ። ለማንም አለመናገር ስል ግን፣ ፌስቡክ ላይም አለመለጠፍ ማለቴ ነው። ባለቤቴን ይመለከታል።

የመነሻ ሰዓት ከመንገዱ ምርጫ ያልተናነሰ ነገር ነው። እኛ ሌሊት 11 ሰዓት ላይ እንነሳለን። ከአዲስ አበባ እስከ ጫንጮ የሲሚንቶ ጫኝ መኪኖች ይበዛሉ፤ ከነሱ ቀድሞ መውጣት ነው። ልጆቹን ከነብርድ ልብሳቸው ተሸክመን እናስገባቸዋለን። ፍቼ ሲደርሱ ይነቃሉ። አማቴ ጋቢና ይቀመጣሉ። ለክብራቸውም ነው፣ ለወገባቸውም ነው። ባለቤቴ ከኋላ በልጆቹ መካከል ትሆናለች፤ ዳኛ ያስፈልጋል።

ደብረ ሊባኖስ ገዳም ከዋናው መንገድ ብዙም አይርቅም። አማቴ ሊሳለሙ ይፈልጋሉ፤ እኛም እንፈልጋለን። ግን ገብቶ መውጣት ከአንድ ሰዓት በላይ ይወስዳል። ይህችን ሰዓት በኋላ ጨለማ ሲመጣ ትፈልጓታላችሁ። ስለዚህ ከመንገዱ ላይ ሆነው አማትበው ያልፋሉ። ለመሳለም ከሆነ ራሱን የቻለ ቀን ይያዝለት።

አሁን ወደ አባይ በረሃ። በሁለቱም መንገድ ብትሄዱ ይህን አታመልጡትም።

ከጎሃ ጽዮን እስከ ደጀን 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከአፋፉ እስከ ወንዙ ከ1000 ሜትር በላይ ይወረዳል። ከዚያ ያንኑ ያህል ይወጣል። ከፍልቅልቅ በታች ሙቀቱ በመስኮት ሲገባ ይታወቃል፤ ሹራብ ለብሰው የወጡት ልጆች ያወልቁታል። አስፋልቱ በብዙ ቦታ ማዕበል ሠርቷል። መሬቱ ራሱ ስለሚንሸራተት ቢጠገንም ተመልሶ ይሰምጣል። ጎማ የሚያነጥር ጉብታ ኩርባ ላይ ያጋጥማል። ዝንጀሮዎች ዳር ዳሩን ተቀምጠው መንገደኛ ይጠብቃሉ። መስኮት ከፍቶ ሙዝ መስጠት ለልጅ ደስ ይላል፤ ግን አታድርጉት። ዝንጀሮው መኪና ማስቆም ይለምዳል፣ አንድ ቀን አንዱ ይገጨዋል።

ቁልቁለቱን በፍሬን አትውረዱት። በማርሽ ነው የሚወረደው። በስንተኛ ማርሽ ይወጣ እንደነበር አስቦ በዚያው ማርሽ መውረድ የድሮ ሹፌሮች ሕግ ነው። ሁለተኛ ማርሽ አስገብቶ፣ ሞተሩ እያጓራ፣ ፍሬኑን ኩርባ ላይ ብቻ ነካ እያደረጉ። አውቶማቲክ መኪና የያዘ ማንሻውን ወደ 2 ወይም ወደ L ያውርደው። ዲ ላይ ትቶ ፍሬን ረግጦ የሚወርድ ሰው፣ ወንዙ ጋ ሳይደርስ የተቃጠለ ጎማ የመሰለ ሽታ ይሸተዋል። ያ ሽታ ከመጣ ሰፊ ቦታ ፈልጎ ዳር መያዝና ግማሽ ሰዓት ማቀዝቀዝ እንጂ ሌላ መፍትሔ የለም። ውሃ አታፍሱበት።

ከሁሉ የሚያስፈራው ከፊት የሚመጣ አይደለም፤ ከኋላ የሚመጣው ነው። ተሳቢ ከኋላችሁ ከወረደ ቦታ ሲገኝ ዳር ይዛችሁ አሳልፉት። ከኋላችሁ ሆኖ ሲያፏጭ ከመስማት ከፊታችሁ ሆኖ ቢያዘገያችሁ ይሻላል። አማቴ እዚህ ቦታ ነጠላቸውን ዓይናቸው ላይ ጣል አድርገው ውዳሴ ማርያም ይደግማሉ። ኩራርን አልፈን አፋፉ ሲቃረብ ነው የሚገልጡት።

ልጆችን በተመለከተ የተማርነው፣ ገደሉን ሆዳቸው ሳይሞላ ማለፍ እንዳለባቸው ነው። ፍቼ ላይ ወተትና እንቁላል አብልቶ ወደዚያ ጠመዝማዛ ማስገባት ፌስታል ማዘጋጀት ነው። እኛ ጎሃ ጽዮን ላይ ደረቅ ዳቦና ትንሽ ሻይ ብቻ እንሰጣለን። ሎሚ እጃቸው ላይ ይሆናል፤ ልጁ ፊቱ ነጣ ሲል ያሸተዋል። ትልቁ መጽሐፍም ስልክም እንዳያይ ይከለከላል፤ ወደ ውጭ ነው የሚያየው። ጆሮ ስለሚደፈን ማስቲካ እንሰጣቸዋለን። ዋናውን ቁርስ ደጀን ላይ እንበላለን። ከዚያ በኋላ የሚያስመልስ ኩርባ የለም።

ድልድዩ ላይ ፎቶ ለማንሳት አትቁሙ። ጥበቃዎች አሉ፤ አይፈቅዱም። በጃፓን መንግሥት እርዳታ የተሠራው አዲሱ ድልድይ 303 ሜትር ርዝመት አለው። አሮጌው ድልድይ ከጎኑ ቆሟል። ልጆቹ ሁለቱንም በመስኮት አይተው "የቱ ይበልጣል?" እያሉ ይከራከራሉ። ይበቃል።

ዳገቱ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። አንድ ጊዜ ከኩራር በታች፣ ፀሐይዋ ከረር ባለችበት፣ የእኛ ኮሮላ የሙቀት ጌጇ ወደ ቀዩ መስመር ሄደ። ዳር ያዝኩ። ኮፈኑን ከፍቼ ስቆም ከላይ የሚወርድ አይሱዙ ቆመ። ረዳቱ፣ ሃያ ዓመት የማይሞላው ልጅ፣ ዘሎ ወርዶ ቅድሚያ ያደረገው ነገር ሁለት ድንጋይ አንስቶ ከኋላ ጎማችን ሥር መወተፍ ነው። ከዚያ እጄን አይቶ "ጋሼ፣ ክዳኑን እንዳይነኩት!" አለኝ። ራዲያተር ክዳን በትኩሱ ከተከፈተ ፊት ያነዳል። ሞተሩን ሳላጠፋ ቀስ ብሎ እንዲዞር አስደረገኝ፣ ኤሲውን አስጠፍቶ የውስጥ ማሞቂያውን እስከ መጨረሻ አስከፈተኝ። በዚያ ሙቀት ማሞቂያ! ልጆቹ ወርደው ጥላ ሥር ተቀመጡ። ጌጁ ግን ቀስ በቀስ ወረደ። ሲበርድ የጎደለችውን ውሃ በጨርቅ ይዞ ሞላልኝ። ገንዘብ ብሰጠው እምቢ አለ። አማቴ "እደግ የኔ ልጅ፣ ከክፉ ይሰውርህ" ብለው ግማሽ ድፎ ዳቦ በፌስታል አስያዙት። "አሜን እማማ" ብሎ፣ እሱን ግን ሳያንገራግር ተቀበለ። ሹፌሩ እስከዚያ ድረስ ከጋቢና አልወረደም።

ከዚያ ወዲህ 10 ሊትር ውሃ በጀሪካን ሳልይዝ አልወርድም። ዳገቱ ላይ ኤሲ አጠፋለሁ። ልጆቹ "ሞቀን" ቢሉም መስኮት ይከፈታል እንጂ ኤሲ አይከፈትም። ሰዓቱም ወሳኝ ነው። ወንዙን ከጠዋቱ 4 ሰዓት በፊት መሻገር ከቻላችሁ ለመኪናውም ለሰውም ይቀላል። ቀትር ላይ ያ ገደል ምጣድ ነው።

ደጀን ከደረሳችሁ ከባዱ አልፏል። ከዚህ በኋላ ያለውን በአጭሩ ልበል።

ምሳ ደብረ ማርቆስ ነው። ከአዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ግማሹን ያለፋችሁበት ቦታ ነው። እዚህ ሁለት ነገር አደርጋለሁ። አንደኛ ነዳጅ እሞላለሁ። የእኛ ኮሮላ 50 ሊትር ገደማ ትይዛለች። ሰውና ዕቃ ሞልታ፣ አባይን ወጥታ፣ በሊትር 12 ኪሎ ሜትር ብትሄድልኝ እንኳ ለ560ው 47 ሊትር ያስፈልገኛል። በወረቀት ይበቃል፤ በመንገድ ግን በወረቀት አይነዳም። ትንንሽ ከተሞች ላይ ማደያው ቤንዚን የለም ሊል ይችላል፣ በሃይላንድ የሚሸጠው ደግሞ ውድ ነው፣ ምን እንደተቀላቀለበትም አይታወቅም። ግማሽ ሲደርስ መሙላት ነው። ነዳጅ በቴሌብር ስለሚከፈል ሂሳቡ ላይ ቀድሞ ብር ይግባ። ኔትወርክ ለሚጠፋበት ቦታ ደግሞ ለምግብና ለአልጋ የሚሆን ጥሬ ብር በኪስ ይኑር። ሁለተኛ፣ ምሳ ቀለል ያለ ነገር እበላለሁ። ረቡዕና ዓርብ ከሆነ በየዓይነቱ ነው፤ እንዲያውም ለሹፌር የሚሻለው እሱ ነው። በጾም ወቅት ለትንንሽ ልጆች እንቁላልና ወተት በየሆቴሉ ይገኛል ብላችሁ አትተማመኑ፤ የነሱን ከቤት ያዙ።

ከማርቆስ በኋላ ያለው መንገድ ጠላቱ እንቅልፍ ነው። ምሳ ተበልቶ፣ መንገዱ ለዘብ ብሎ፣ ልጆቹ ተኝተው፣ አማቴም እያንቀላፉ... ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ ዓይኔ ይከብዳል። ደምበጫ ወይም ፍኖተ ሰላም ላይ ቆሜ ቡና ሳልጠጣ አላልፍም። ደምበጫ በአረቄዋ ትታወቃለች፤ አጎቴም ለመንገደኛ ማቅረብ ይወዳሉ። ሹፌር ነኝ ብሎ መለመን ነው። ፍኖተ ሰላም ሞቅ ያለች ናት፤ ሙዝና ማንጎ መንገድ ዳር ይሸጣል። ልጆቹ ከእንቅልፍ ሲነቁ እሱ ይጠብቃቸዋል።

ዘግይተው ለተነሱ ሰዎች ምክሬ እዚህ ላይ ነው። ፍኖተ ሰላም ስትደርሱ ሰዓቱ 10 ካለፈ እደሩ። ከዚህ እስከ ባሕር ዳር ገና ብዙ ይቀራል። 12 ሰዓት ካለፈ በኋላ መንገዱ የሰዓት ጉዳይ አይደለም፤ ያለ መብራት የሚሄድ ጋሪ፣ ከግጦሽ የሚመለስ ከብት፣ ዳር የቆመ ብልሽት መኪና አለ። የጸጥታው ነገርም አለ። በእኛ ቤት ፀሐይ ስትጠልቅ መኪናው የትም ይሁን ይቆማል። አልጋ ደግሞ ቀድሞ በስልክ ቢያዝ ጥሩ ነው፤ በተለይ ጥር ውስጥ። ጥምቀት አለ፣ ሠርግ አለ፣ እንጅባራ ላይ ደግሞ ጥር 23 የአገው ፈረሰኞች በዓል ስለሚከበር በዚያ ሰሞን አልጋ አይገኝም። በዓሉን ለማየት ከሆነ ግን ልጆች ከዚያ የበለጠ የሚወዱት ነገር አላውቅም።

ቡሬ ላይ የነቀምት መንገድ ይገነጠላል። የጭነት መኪኖች ስለሚቆሙ ከተማው መሃል ቀስ ማለት ነው። ከቡሬ እስከ እንጅባራ አየሩ ይቀየራል። ደጋ ነው፤ የወለቀው ሹራብ ተመልሶ ይለበሳል። ክረምት ላይ ጉሙ መንገዱ ላይ ይተኛል፣ በቀን መብራት አብርቶ መንዳት ነው። መንገድ ዳር የከሰል ማዳበሪያና የድንች ክምር ታያላችሁ።

ለልጆች አንድ ማረፊያ ምረጥ ብባል ዘንገናን ነው የምመርጠው። ከእንጅባራ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ወደ ቡሬ በኩል፣ ከአስፋልቱ ብዙ ሳይርቅ የሚገኝ የእሳተ ገሞራ ሐይቅ ነው። ክብ ነው፣ ዙሪያው ደን ነው። ሃያ ደቂቃ በእግር መንቀሳቀስ ለቀረው መንገድ ሰላም ይገዛል። ዳሩ ግን ቀጥ ያለ ስለሆነ ትንሹን እጁን ሳይለቁ ነው።

ግሽ ዓባይንስ? ይላል ሰው። የግልገል አባይ ምንጭ ሰከላ ነው ያለው፤ ከትልሊ ተገንጥሎ ይኬዳል። ቦታው ቅዱስ ነው፣ ወደ ጸበሉ የሚገባ ሰው ምግብ ሳይቀምስ ነው። መንገድ ላይ ያለ ልጅ ደግሞ ሳይበላ አይውልም። በመንገዳችን እግረ መንገዳችንን የምናየው ነገር አይደለም። እንጅባራ ወይም ቡሬ አድሮ ራሱን የቻለ ጠዋት መስጠት ይሻላል።

ከዳንግላ በኋላ ሜዳ ነው። ከመራዊ እስከ ባሕር ዳር ያለው ቀጥ ያለ መንገድ "ደረስን" ያሰኛል፤ እግር ነዳጁን መጫን ይጀምራል። ብስክሌት፣ ባጃጅ፣ ጋሪና ከብት የሚበዛበትም እዚሁ ነው። ወደ ጎንደር የምትቀጥሉ ከሆነ ባሕር ዳር ላይ በ2016 ዓ.ም. የተመረቀውን 380 ሜትር ርዝመት ያለውን አዲሱን የአባይ ድልድይ ተሻግራችሁ ነው። እኛ ግን እናድራለን።

በሞጣ ሂዱ የምለው ለማን ነው? መኪናው ውስጥ ያሉት ሁሉ ትልልቅ ሰዎች ለሆኑ፣ መድረሻቸው መርጡለ ማርያም፣ ሞጣ ወይም አዴት ለሆነ፣ ጭነታቸው ቀላል ለሆነ። የትመንና የብቸና የጤፍ ማሳ በጥቅምት መጨረሻ ከመንገድ ላይ ሲታይ ደስ ይላል፤ የምሥራቁ ገደል አፋፍም በማርቆስ በኩል የማታገኙት ነው። በሐምሌና በነሐሴ ግን ልጅ ይዤ አልሞክረውም። ዝናብ ሲመጣ ከላይ የሚወርደው አፈርና ድንጋይ መንገድ ላይ ይቀመጣል፣ ለማስነሳት ደግሞ በዚያ በኩል ጊዜ ይወስዳል። አባይ በረሃ ራሱ ከተዘጋ በነቀምት ዞሮ በቡሬ መግባት ወይም በደሴና በወልድያ አድርጎ በደብረ ታቦር መምጣት አለ። ሁለቱም በጣም ይረዝማሉ። ቤተሰብ ይዞ ከሆነ ሁለት ቀን አድርጎ ማሰብ ነው፤ ካልሆነም ጉዞውን ለሌላ ጊዜ ማስተላለፍ።

ሳትወጡ የሚታዩ ነገሮች አሉ። ስኮርታ ጎማው ንፋስ አለው ወይ? ክሪኩ ይሠራል ወይ? የሰው መኪና ተውሳችሁ ከሆነ የጎማ መፍቻው መኖሩን በዓይናችሁ እዩ፤ "አለ" ብሎ የነገራችሁን ባለቤት አትመኑ። ሊብሬ፣ መንጃ ፈቃድ፣ ቦሎና የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ አንድ ላይ ይቀመጥ። የአዋቂዎቹ ሁሉ መታወቂያ ቅርብ ይሁን፤ ኬላ ላይ ሻንጣ መፍታት ሌላ ሰልፍ ነው። የአማቴ የደም ግፊት መድኃኒት በእጅ ቦርሳቸው ነው የሚሆነው፣ ሻንጣ ውስጥ አይገባም።

ስትመለሱ በማርቆስ ከሆነ ቡሬ ላይ በርበሬ መግዛታችሁ አይቀርም። ጥሩ በርበሬ ነው፣ ይገዛ። ግን ፖርቶ መጋላው ላይ በሸራ ተጠቅልሎ ይታሰር። ውስጥ ያስገባነው ጊዜ እስከ ደጀን ድረስ አምስታችንም ስናስነጥስ ነው የሄድነው።